የፍቺው ምክንያት

በንጉሡ ዘመን ነው። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በምትሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ ከፊቴ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንዷ ወጣት ናት፤ ሌላዋ ጠና ያሉ ናቸው። የተዋወቁት እዚያው መኪናዋ ላይ ነው።

«ባልሽን ለምን ፈታሽው፣ ልጄ?»

«ሽማግሌዎቹም እንዲሁ ጠየቁኝ፣ እትዬ። ይመታሻል ወይ አሉኝ፤ አይመታኝም አልኩ። ይሰክራል ወይ አሉኝ፤ አይሰክርም አልኩ። ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው አሉ።»

«ምን አልሽ?»

«ስምንት ዓመት አብሬው ስተኛ አንድ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም አልኳቸው።»

«በስመ አብ! በሽማግሌ ፊት?»

«በሽማግሌ ፊት! ሁሉም ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናነቡ። አንዱ ከጋቢው ውስጥ ሆኖ፣ ልጅ ወልደሽለት የለም ወይ አለኝ።»

«እውነቱን ነው እኮ።»

«ልጁ መጣ፤ ደስታው አልመጣም። እሱ ይረካና ፊቱን ያዞራል፣ እኔ ጣራ ጣራውን አያለሁ። ቀስ በል፣ እኔንም ጠብቀኝ ብዬ ብነግረው፣ ይህን ማን አስተማረሽ ብሎ ተቆጣ።»

«እውነት ማን አስተማረሽ?»

«ገላዬ ነዋ! ሴትም ትረካለች፣ እትዬ።»

«እኔ ሰባት ወልጃለሁ። የምትይውን ነገር ግን አላውቀውም።»

«እንግዲያው ባልዎ በድለውዎታላ!»

ትልቋ ሴትዮ ወደ ወጣቷ ጠጋ አሉ።

«አሁን ሽማግሌ ብጠራ ይመጡልኛል?»

አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር የኖርኩት አባወራ፣ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ እንደተቀመጥኩ ያወቅሁት መኪናዋ ደብረ ብርሃን ስትቆም ነው።