በሰም ውስጥ ያለችው

ልብስ ሰፊው የሆስፒታሉን ደረጃ ሲወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹ አጠረውና አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ከጎኑ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ዳቦ ትገምጣለች። የሙያ ነገር ሆኖ መጀመሪያ ያየው ፊቷን ሳይሆን ኪሷን ነበር፤ ጥጉ ተተርትሯል።

"ልጄ፣ ይሄን ኪስ ሳይብስበት አስጠግኚው" አላት።

"እሺ አባባ። እርስዎስ ማንን ፈልገው ነው?"

"ባለቤቴን።"

"የትኛው ክፍል ተኝተው ነው?"

"ካረፈች ዘጠኝ ወሯ ነው። ከጡቷ የወሰዳችሁት ቁራጭ እዚህ አለ ተብዬ መጣሁ። ወስጄ ከጎኗ ልቅበረው።" ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ አወጣ። ደብዳቤው ቁራጩ ለካንሰር ምርምር እንዲውል ይፍቀዱልን ይላል።

ወጣቷ የተረፈውን ዳቦ ጠቀለለች። "አጋጣሚ ሆኖ ያገኙት ሰው እኔን ነው። እነዚያን ቁራጮች የምመረምረው እኔ ነኝ። ይከተሉኝ።"

ላቦራቶሪው ጠባብና ቀዝቃዛ ነበር። ከመሳቢያ ደረደራ ውስጥ አንዲት የሰም ቁራጭ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከካፖርት አዝራር አትበልጥም። መሐሏ ላይ፣ እንዳይበላሽ በሰሙ የታሸገ ግራጫ ሥጋ ተኝቷል። ሽማግሌው ጣቶቹን ዘጋ።

"የእኔ ናት" አለ።

"ልክ ነዎት። ቢወስዱት የሚከለክልዎት የለም።"

"ልተዋትና እየቀረፋችሁ ልትጨርሷት?"

"ከጸጉር አሳስተን ነው የምንቆርጠው። ግን አዎ፣ አንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።"

"አርባ ዓመት ጨርቅ ቆርጫለሁ። ሰው የሚቆርጠው የሚሰፋው ነገር ሲኖረው ነው። እናንተ ምን ልትሰፉ ነው?"

ወጣቷ ከዚያችው ሰም የተቀረፈ ስስ ቁራጭ የተለጠፈበትን መስታወት ማይክሮስኮፑ ሥር አስገብታ ወንበሯን ለቀቀችለት። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አየ።

"ጥቁር እሾህ ይታየኛል። የገደላት ይሄ ነው?"

"የራስዎ ሽፋሽፍት ነው አባባ። ትንሽ ራቅ ይበሉ።"

ሳቁ አመለጠው፣ ወዲያው አፈረ። እንደገና ሲያይ ግን ሳቁም እፍረቱም ጠፉ። ሐምራዊ ነጠብጣቦች በሮዝ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ በጥንቃቄ የተጠቀጠቀ ስፌት ይመስላሉ።

"ይሄ ቀጥ ያለው የማን ነው?"

"የእሳቸው። ያልታመመው ቦታ ነው።"

"ደህና የነበረችውም እዚህ አለች?"

"አለች።"

አንገቱ እስኪደነዝዝ ከዚያ አልተነሳም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ፎቶዋን አይቷል፣ ሻሿን አሽትቷል፤ ይህን ያህል ግን ቀርባው አታውቅም። ወጣቷም አላጣደፈችውም። በመጨረሻ መስታወቱን ቀስ ብላ ገፋችው፤ ረድፉ ተበተነ፤ ነጠብጣቦቹ አበጡ፣ ተደራረቡ፣ መስመር ጠፋ።

"ይሄንንስ የሰፋው እብድ ነው" አለ ሽማግሌው።

"ካንሰሩ እሱ ነው።"

"አሁን አወቃችሁት። ለእሷ ምን ጠቀማት?"

"ለእሳቸው ምንም።"

ሊያጽናኑት የመጡት ሁሉ አንድ የማጽናኛ ቃል ይጨምሩለት ነበር። ይህች ልጅ ምንም አልጨመረችም፤ ለማንም ያልነገረውን የነገራት ለዚህ ይሆናል።

"እብጠቱን ዓመት ሙሉ ደበቀች። እኔ አውቅ ነበር። ብረት ከነካው ይሰራጫል ያልኳት እኔ ነኝ።"

"ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል" አለች ዝግ ብላ። "የሚያሰራጨው ለምርመራ የሚወጋው መርፌ አይደለም፣ መዘግየቱ ነው። ይሄን ለእርስዎ መናገር ይከብደኛል።"

"ተናገሪው። እንዲያውም ጨርሺው።"

"የሦስት መቶ ሴቶች ቁራጭ ሰብስበናል። በሚያበራ ቀለም እንነክረዋለን፤ ቀለሙ የምንፈልገው ነገር ላይ ብቻ ተጣብቆ በጨለማ ያበራል። የማን ዕጢ ተመልሶ እንደመጣ፣ የማን እንዳልመጣ መዝገባችን ውስጥ አለ። ሁለቱን ስናስተያይ ምልክቱን ካገኘን፣ ነገ ለምትመጣዋ ሴት ከባዱ መድኃኒት ያስፈልጋት አያስፈልጋት ገና ከመነሻው እንነግራታለን። ዛሬ ለብዙዎቹ የምንሰጠው በግምት ነው።"

"ልክ ሳትወስዱ ነው የምትሰፉት በይኛ!"

"እንደዚያው ነው። ልኩን ከእሳቸው ልንወስድ ነበር።"

ሰሙ በመዳፉ ውስጥ ሞቋል። ድንገት ደንግጦ ጣቶቹን ከፈተ።

"ይቀልጣል እንዴ?"

"በእጅ ሙቀት አይቀልጥም። ቀዝቃዛ ቦታ ግን ይሻለዋል።"

"እንግዲያው አስገቢያት" አለና ሰጣት። ደብዳቤው ላይ ፈረመ። ከመሄዱ በፊት "ያችን ቀጥ ያለች ረድፍ አንዴ ድገሚልኝ" ብሎ ለመናት፤ ደገመችለት።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የቆየች ደንበኛው ቀሚስ ይዛ ሱቁ መጣች። ከአገር ከራቀች ዓመት አልፏታል።

"በግራ በኩል፣ ደረቱ ላይ ብቻ ትንሽ ያስፉልኝ። እትዬስ ደህና ናቸው?"

ሽማግሌው ቀሚሱን አየ። በቀኝ በኩል አልጠበባትም፤ ያበጠው ግራው ብቻ ነው። ቀና ብሎ እሷን ሲያይ ክንዷን ደረቷ ላይ አጠፈች።

"እትዬሽ አርፋለች" አለ። "ግን ሥራ ላይ ናት።"

ከዚያም ነገራት፦ የደበቁትን ዓመት፣ የሰሙን ቁራጭ፣ ቀጥ ያለውን ረድፍና የተበተነውን። "ቶሎ የታየ ብዙ ጊዜ ይድናል። መርፌው የሚወስደው ቅንጣት ዕጢው ምን ዓይነት እንደሆነ ለሐኪሞቹ ይነግራቸዋል፤ አንቺ የሰጠሽው ደግሞ ላላየሻት ሴት ይተርፋል" አላት።

ሴትዮዋ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ "ብረት ከነካው ግን ይብሳል ይባላል" አለች።

"እኔ ነበርኩ የምለው" አለ ሽማግሌው፤ ቀሚሱን ሳይነካ አጣጥፎ መለሰላትና ካፖርቱን አነሳ። "ተነሽ፣ ሆስፒታል አብሬሽ ልሂድ።"