የቀሩት ሦስት እልልታዎች

ከደምበጫ ወደ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ሕፃን የታቀፉትን አሮጊት ከጎናቸው የተቀመጠች ወጣት ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ልጁን አሞት ነው?»

«የልጅ ልጄ ነው። ሲወለድ አየር አጥሮት ታፍኖ ነበር። እንዲህ የሆኑ ልጆች አንጎላቸው እንዴት እንደሚሆን የሚያጠኑ ሐኪሞች ቀጠሮ ሰጥተውናል።»

«ምን ይጠይቁዎታል?»

«ሳያለቅስ ስንት ደቂቃ ቆየ አሉኝ። ሰዓት ማን አይቶ!»

«ታዲያ ምን አሏቸው?»

«ጤና ጣቢያው በር ላይ ሆነን፣ ወንድ ነው ሲሉን ሰባቱን እልልታ ጀመርን፤ አራተኛው ላይ የልጁ ድምፅ የለም ብለን ዝም አልን፣ አልኳቸው።»

«ጻፉት?»

«ጻፉት እንጂ።»

«በኋላ ሲያለቅስ ጨረሳችሁት?»

«በምን አንጀታችን! ሦስቱን እስኪራመድ አቆይቼለታለሁ።»

መናኸሪያ ስንወርድ ሕፃኑ የአያቱን ነጠላ ጨብጦ በእግሩ ቆመና፣ ምላሴ ለእልልታ ሲነሣ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት።