ሁለት ጊዜ የተቀቀለው መርፌ

ሴት ልጄን ያዳናት መርፌ ሁለት ጊዜ የተቀቀለ ነው። በትኩሳት ስትነድ ታቅፌ ሆሳዕና አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ቁስል የምታጥበውና መርፌ የምትወጋው ድሬሰር መርፌውን ከፈላው ውሃ በመቆንጠጫ አውጥታ ልትወጋት ስትል ጫፉ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነካ። ወዲያው መልሳ ድስቱ ውስጥ ከተተችው። ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ሽማግሌ ነጋዴ፣ “ልጄ፣ ጠረጴዛ ነው እንጂ እበት አይደለም። ደግሞ ማንም አላየሽም” አሏት። “እኔ አይቻለሁ፣ አባባ” አለችና የላምባ ምድጃውን እሳት ጨመረች።

ሰዉ አጉረመረመ። እኔም ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ለማታውቃት ሕፃን ብላ የዚያን ሁሉ ሰው ማጉረምረም ታግሣ ድስቱ ላይ ዓይኗን ተክላ ስትቆም ሳይ ግን ሳላስበው ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ባለፈው ክረምት የበኩር ልጄን ፎንቆ ገበያ ወስጄ ያስወጋሁት እኔ ነኝ። እዚያ ገበያ መርፌ የሚወጋው ሰውዬ መርፌውን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ወጋው። ጭኑ መግል ቋጠረ፤ በሳምንቱ ቀበርነው። ድሬሰሯ ሴት ልጄን ወግታ ስትጨርስ፣ “ብዙ አስጠበቅሁህ” አለችኝ።

“የፎንቆው ሰውዬ አላስጠበቀኝም ነበር” አልኳት።