ናፍጣ የጠጣው ጣውላ

«ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ኧ፣ ዶክተር ያሬድ! አንቱ ደግሞ ከየት ትዝ አልኩዎ?»

ገዛኸኝ መላጊያውን አስቀምጦ ሚስቱን ዞር ብሎ አያት። «ፋንቱ፣ ሬዲዮኑን ቀንሺው።»

አንቱ ያለው ለክብር አይደለም። ባለፈው ሐሙስ፣ እዚሁ መርሳ፣ በገዛ የእንጨት ሥራ ቤቱ በር ላይ፣ ዓይኑ ሥር ያደገው ያሬድ፣ ባመጣቸው እንግዶች ፊት «አንተ አናጢ፣ ዞር በል፣ አቧራ ታራግፋለህ» ስላለው ነው።

«ደህና ነን። … ውርጌሳ? … ዛሬ ነው እንዴ? … ሰው ሞላ? ይሙላ። እኔ አልተጠራሁማ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሬድ ከሸክላ አፈር በዓይን የማይታይ ብናኝ ያወጣል፤ ናኖ ይለዋል። በውሃ በጥብጦ ጣውላ ሲቀባው ብናኙ የእንጨቱን ቀዳዳ ሁሉ ይሞላና እሳቱን መግቢያ ያሳጣዋል። ዛሬ በዚያ ጣውላ የተሠራች አንዲት ክፍል ውርጌሳ መንገድ ዳር ቆማ፣ በሕዝብ ፊት እሳት ይለቀቅባታል። የባሕር ዛፍ ጣውላውን ያቀረበው ገዛኸኝ ነው።

ገዛኸኝ ደግሞ ጣውላ ከማስረከቡ በፊት አባቱ ያደርግ የነበረውን ያደርጋል። ምስጥ እንዳይበላው ናፍጣ ያጠጣዋል፣ ከዚያ ሽታው እስኪለቅ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሐሙስ ዕለት የቀረበው ይህንን ሊናገር ነበር። ዞር በል ተባለ፤ ዞረ። እነ ያሬድ የሚቀቡት ነገር፣ ቀዳዳውን ናፍጣ ቀድሞ ስለያዘው፣ ወደ ውስጥ መስረግ አቅቶት እንደ ወተት ስልባቦት ላዩ ላይ ሲቀር እያየ አፉን ዘጋ። ባዶዋ ክፍል ትቃጠልባቸውና በሰው ፊት ይዋረዱ። የተመኘው ይህችኑ ነበር።

«ኧረ አልተቀየምኩም። … ከስድስተኛ ክፍል የቀረ ሰው ምን ቅያሜ ያውቃል። … ቆይ እንጂ፣ አስጨርሰኝ። ለትምህርት ስትወጣ ሳጥንህን የሠራሁልህ እኔ። ስትመረቅ ሰፈሩ በሙሉ ሲጠራ የተዘለልኩት እኔ። … ረሳሁት ትላለህ። እኔ አልረሳሁም። ማስታወቂያህ ላይ ሚስማር ያቀበለህ ጁነይድ ስሙ አለ፤ ጣውላውን የላግሁት የለሁበትም። …»

ፋንቱ ከናፍጣው ጀሪካን አጠገብ ቆማ፣ ነገርከው ወይ በሚል ዓይን አየችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«… የኔን ስም? … በድምፅ ማጉያ?» ድምፁ ወረደ። «… ወንበርም አስቀምጠህልኛል። … አሁን ብነሳ አልደርስም፣ ልጄ። … ምን ያጣድፍሃል፣ እሳቱን ሌላ ሰው ይለኩሰው። … የት? … ውስጥ? ማን ነው ውስጥ?»

ያሬድ እየሳቀ ነገረው። ሰው እንዲያምን ራሱ ክፍሏ ውስጥ ይቀመጣል፣ በሩ ከውጭ ይዘጋል፣ ለሩብ ሰዓት። ስልኩን ደግሞ ሳይዘጋው ድምፅ ማጉያው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ይተወዋል፤ ጋሽ ገዛኸኝ ስሙ ሲጠራ በጆሮው ይስማ።

«ያሬድ፣ አትግባ። … ጣውላው ናፍጣ ጠጥቷል። … ሄሎ? ትሰማኛለህ? ናፍጣ አጠጥቼዋለሁ! … ስሜን ተወው፣ አትጥራው፣ ብቻ … ሄሎ?»

የያሬድ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ድምፅ ማጉያው «አናጢ ገዛኸኝ ከመርሳ» ብሎ ሲጠራው፣ ጭብጨባውም ሲከተል ሰማ። ዕድሜውን ሙሉ ማንም አጨብጭቦለት አያውቅም።

«እዚያ ያላችሁ! … ስልኩን አንሱት! … አንድ ሰው እንኳን …»

ፋንቱ ሬዲዮኑን ጨርሳ ዘጋችው። ገዛኸኝ በስልኩ የበሩ መቀርቀሪያ ሲዘጋ ድምፁን ለየው፤ የሠራው እሱ ነው። እንደገና ተጨበጨበ፤ እሳቱ ተለኩሶ መሆን አለበት። ቆይቶ ጭብጨባው ከቅርብ ካለው ሰው ጀምሮ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ወዲያው ጣውላ ሲንጣጣ ተሰማ። ባሕር ዛፍ ብቻውን እንዲህ እንደማይነድ ያውቃል።

«ሄሎ? … በሩን … ሄሎ?»

ወንበር ሲገለባበጥ፣ ሰው ሲጯጯህ ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ።

ገዛኸኝ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም።

«ናፍጣ ነው እኮ ያልኩህ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ገና ጊዜ እንዳለው ሰው።