አናጺው የሰረዟቸው ትርጉሞች

እግሩ የተነቃነቀ ወንበሬን ተሸክሜ ወደ ሰፈራችን አናጺ ስሄድ ጭቅጭቅ ላይ ደረስኩ። ሽማግሌው አናጺ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል፤ ሴት ልጃቸው የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላቷን ደረቷ ላይ አቅፋለች። በማግስቱ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ቢሮ በአስተርጓሚነት ለመቀጠር ትፈተናለች።

«እንኳን መጡ፣ መምህር» አሉኝ። «እስቲ ይፍረዱን። እንዳይምታታባት ብዬ ባግዛት ጥፋተኛ ሆንኩ።»

እገዛቸውን አየሁት። በወፍራሙ የአናጺ እርሳሳቸው ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሰርዘውታል። ያስቀሩትም ራሳቸው የሚያውቁትን ነው። ያን ሁሉ ገጽ በትጋት መጨረሳቸው አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም።

«አባዬ፣ ‹ፒያኖ› የሚለውን ይመልከቱ» አለች ልጅቷ። «ፎቅ ማለት ነው፤ ዕቅድም ማለት ነው። እርስዎ የተዉልኝ የሙዚቃ መሣሪያውን ብቻ ነው።»

«የማውቀው እሱን ነዋ! አንድ ቃል ይሄን ሁሉ ከተሸከመ ሰው እንዴት ይግባባል? የኛ ቋንቋ እኮ አንዱን ነገር በአንድ ስም ጠርቶ ይገላገላል።»

«ነገ መሐንዲሱ ‹ሠራተኞቹ ሦስተኛው ፒያኖ ላይ ናቸው› ቢለኝስ? ሙዚቃ እየተጫወቱ ነው ልበል?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ እንጂ አልተረቱም። ነገሩን ለማብረድ ወንበሬን አቀረብኩ።

«እግሩን እንቀይረዋለን» አሉና መጋዛቸውን አነሱ፤ ወዲያው ፊታቸው ተጨማደደ። «ኤዲያ! የዚህም ጥርሱ ዶልዱሟል።»

«አባዬ» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንበሩ እግር አለው፣ መጋዙ ጥርስ አለው። መምህር ግራ የተጋቡ ይመስላሉ?»

አናጺው የመጋዙን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«አልተጋቡም። ስለምን እንደማወራ ይታወቃላ።»

«የጣሊያኖቹም እንዲሁ ነው። ዙሪያው ያለው ቃል ይነግረኛል። እርስዎ የሰረዙት ግን ነገ የምፈተንበትን ሥራ ነው።»

ቃልን ለብቻው መሸምደድ በየትምህርት ቤቱ ያለ ልማድ ነው፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ አይቼዋለሁ። ልጆች መቶ ቃል ያውቁና አንድ ሰው መንገድ ሲጠይቃቸው ይደነግጣሉ። ከነዓረፍተ ነገሩ የተማረው ግን በትንሽ ቃል ሥራውን ይሠራል፣ ሰውም ያግባባል።

አናጺው መነጽራቸውን አወረዱ። ከልጃቸው ላጲስ ተቀብለው መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጡ።

«እኔ የማላውቀውን ሁሉ ከሰረዝኩብሽማ፣ ልጄ» አሉ እያጠፉ፣ «ከኔ አልፈሽ የት ልትደርሺ ነው?»