ከቱታ ጋር የሚገባው እርሳስ

እኔ መምህር ነኝና ነገር ማስረዘም ልማዴ ነው፤ ይሄን ግን አሳጥረዋለሁ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ አሮጌ የመኪና ባትሪ ከሚያቀልጠው ፋብሪካ በር ላይ ከአባ ባትሪ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠምን። ሠላሳ ዓመት እቶን ላይ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ሚጣ ተማሪዬ ናት፤ ከክፍል ከቀረች ሁለት ሳምንቷ ነው።

«ጋሼ፣ ሚጣ ምነው ጠፋች?» አልኳቸው፣ አብሬያቸው እየሄድኩ።

«ጤና ጣቢያ ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኘ አሉኝ! ለካ ሆዷን የሚቆርጣት እናንተ ዘንድ እርሳስ ስታኝክ እየዋለች ነው። ደብተሩንም እርሳሱንም ሰብስቤ ጣልኩት። ሳትማር ትቅር፤ ልጄ ትበልጥብኛለች!»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ የሚጻፍበት እርሳስ ስሙ ብቻ ነው፤ ማዕድኑ የለበትም። ጤና ጣቢያ ያሉዎት እናንተ ፋብሪካ ከባትሪ የምታቀልጡትን፣ ‹ሊድ› የምትሉትን ማዕድን ነው።»

«ሂድ ወዲያ! እሷ ፋብሪካ ረግጣ አታውቅም!»

«እርስዎ ይረግጣሉ እንጂ። ይሄን ቱታ የት ነው የሚያወልቁት?»

«ቤቴ ነዋ!»

«ማን ያጥበዋል?»

«እናቷ... ከልጆቹ ልብስ ጋር።» ድምፃቸው ቀነሰ። «ቢሆንስ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ሆንኩ? ደግሞ በየቀኑ ወተት እጠጣለሁ፤ ወተት ከሰውነት ያጥበዋል።»

«አያጥበውም። እጅዎ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፣ ጋሼ።» ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም፤ ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል። «የልጅ አንጎል ደግሞ ገና በመሠራት ላይ ነው፤ ይበልጥ ይጎዳል። ያቺ ፈጣን ልጅ የምታውቀው ፊደል ሲጠፋባት፣ እኔ ሞኙ ሰነፍሽ ብዬ ተቆጣኋት!»

ቀጥ ብለው ቆሙ። «ታዲያ እኔ ነኝ ያስገባሁባት?»

አይደለም ብል ውሸት፣ ነው ብል ጭካኔ ሆነብኝ።

«ሳያውቁ ነው፤ ብናኙ በቱታዎ ላይ ተጣብቆ ነው ቤት የገባው። የፋብሪካው ጭስ ማውጫም በሰፈሩ ላይ ሁሉ ያራግፈዋል።»

«ምን ይሻላል በል? ንገረኝ!»

«ቱታው ፋብሪካ ይቅር፤ እዚያው ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ይምጡ። ቤቱ በደረቁ አይጠረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ልጆቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ አይብሉ። ሚጣ ለክትትል ትመለስ፤ የጎረቤት ልጆችም ይመርመሩ። ሰፈሩ ውጤቱን ይዞ አንድ ላይ ከጮኸ ፋብሪካው ጭሱን ለማጣራት ይገደዳል። አዲስ መግባቱ ከቆመ ደሟ ቀስ በቀስ ይጠራል፤ ሆዷም ፋታ ያገኛል።»

«የጠፋባት ፊደልስ? ይመለሳል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። በቶሎ ከተያዘ ተስፋ አለው። ብቻ ከትምህርት አያስቀሯት።»

በራቸው ደርሰን ኖሯል። ሚጣ «አባባ!» እያለች እጇን ዘርግታ ስትሮጥ መጣች።

«ቁሚ! እንዳትነኪኝ!»

እንዲህ ጮኸውባት አያውቁም መሰል፣ ልጅቷ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። እሳቸው ቱታውን አውልቀው በፌስታል ቋጠሩት፤ ከቧንቧው ሥር አጎንብሰው ፊታቸውን፣ አንገታቸውን፣ እጃቸውን በሳሙና ሁለቴ ፈተጉ። ሌላ ልብስ ለበሱና ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«አሁን ነይ፣ የኔ እናት።»

አልመጣችም። በሩ ላይ ከቆመችው እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

አባ ባትሪ እጃቸውን ሳያጥፉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ታኩርፈኝ» አሉ። «ነገም እንዲሁ ነው የማደርጋት።»