በቃጫ የታጠበችው የተካ መኪና

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ መኪና የሚያብለጨልጨው በክንድ ነበር። ማሽን የለ ምን የለ፣ ጥጥህን ትይዛለህ፣ ፖሊሽህን ትቀባለህ፣ ከዚያ እጅህ እስኪዝል መግፋት ነው። ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ። እኔ ዘለቀ፣ አብነት ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ቀለም ስቀባና ፖሊሽ ስሠራ ነው ያረጀሁት፣ ትከሻዬ እንዲህ የጎበጠው ዝም ብሎ መሰላችሁ? ዛሬማ ማሽኑን ሰክቶ ዝዝዝ ማድረግ ነው። ታዲያ ማሽንም የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው፣ እስቲ የሐጂ ነስሩን ልጅ ሠርግ ላጫውታችሁ።

ሐጂ ነስሩ መርካቶ በርበሬና ቅመም የሚያከፋፍለው ነው፣ ቤቱ ተክለ ሃይማኖት ነው። ከሱቁ ጎን ያለው ደግሞ ተካ ነው፣ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል። እነዚህ ሁለት ሰዎች እንደ ወንድማማች ነበሩ። ታዲያ አንድ ክረምት በሱቅ ሸራ ተጣሉ፣ የሐጂ ሸራ ዝናቡን ሰብስቦ የተካ ምስማር ላይ ያፈሳል ነው ነገሩ። እና ተኮራረፉ። ኩርፊያ ስላችሁ ደግሞ እንዲህ ያለ ኩርፊያ አይቼ አላውቅም፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰላም አይባባሉም፣ አንዱ ሻይ ሲያዝ አንዱ ፊቱን ያዞራል። ስንት ሽማግሌ ገባ፣ እኔም ገባሁ፣ እንቢ አሉ። በመጨረሻ የሐጂ ልጅ ነጃት ልታገባ ነው ሲባል እግዜር ረዳንና ታረቁ። ተካም እዚያው ሽማግሌው ፊት ብድግ ብሎ፣ ነጃትን በራሴ መኪና የምወስዳት እኔ ነኝ፣ ራሴ እየነዳሁ፣ አለ።

የተካን መኪና ካላወቃችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም። ጥቁር መርሰዲስ ናት፣ አሮጌ ናት ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ለሚስቱ ወንድም እንኳ አላዋሳትም። በየጠዋቱ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት እሷን ይወለውላል፣ በደረቅ ጨርቅ፣ አቧራዋን እያሸ። ተው ተካ፣ አቧራ በደረቁ አይታሽም፣ መጀመሪያ ውሃ አፍስስባት ስንቴ አልኩት መሰላችሁ? ጋሼ ዘለቀ፣ እርስዎ ደግሞ ሥራ ፈልገው ነው፣ ይለኛል።

ታዲያ የሠርጉ ዋዜማ አበባ እንዲደረግባት ብሎ መኪናዋን አምጥቶ ሐጂ ግቢ አቆማት፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ቁልፉን ሰጥቶ ሄደ። ሐጂ ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆነ፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳያታል።

እሺ። የሐጂ እኅት እትዬ ዘይነባ ለሠርጉ ከጉራጌ ሀገር መጥታለች። ምን ያለች ሴት መሰለቻችሁ፣ ቤቷ ብትገቡ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ሳህን ፊት ያሳያል፣ እሷ ነክታው የማይጸዳ ነገር የለም። ታዲያ መኪናዋን አቧራ ለብሳ ስታያት፣ ይሄ ሰው እንዲህ አክብሮን እኛ በነአቧራዋ ልንመልስለት ነው ወይ ብላ፣ ከሀገር ቤት ያመጣችውን ቃጫ አወጣች። ቃጫ ታውቁ የለ፣ የእንሰቱ ክር፣ ገመድ የሚሠራበት። እና በቃጫና በሳሙና፣ ልክ እንደ ድስት፣ ዞር ዞር፣ ዞር ዞር እያደረገች ፈተገቻት፣ ከጣራዋ እስከ ጎማዋ። ጨርሳም ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መረቃት አሉ።

ጉዱ የፈላው ውሃው ደርቆ ፀሐይ ሲመታት ነው። ሐጂ ደወለልኝ፣ ጋሼ ዘለቀ ይድረሱልኝ ብቻ ነው የሚለው። እኔ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። ማሽኔን አንጠልጥዬ ደረስኩ። ኮፈኗን ባየው አበስኩ ገበርኩ፣ ክብ በክብ ላይ፣ ክብ በክብ ላይ፣ ፀሐይ ባረፈበት ሁሉ የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው። እኛም ጋራዥ ውስጥ ድር ነው የምንለው። ሐጂ ጭንቅላቱን ይዞ፣ ተካ ይህን ካየ ሆን ብለው ነው ይላል፣ እርቃችን አፈር በላ፣ የልጄም ሠርግ በኩርፊያ ሊሆን ነው፣ ይላል። እውነቱን ነው። ለሸራ ውሃ ያን ያህል አኩርፎ የከረመ ሰው ለመኪናው ምን ሊሆን ነው? እኔም ፈራሁ።

ታዲያ ጥፍሬን ጭረቱ ላይ አስኬድኩት፣ አልያዘኝም። ጥፍር ካልያዘ ተስፋ አለው፣ ከላይ ባለችው ስስ ሽፋን ላይ ነው የቀረው ማለት ነው። አይዞህ ሐጂ፣ ድር ነው ያደራባት፣ ይለቃል፣ ስለው እትዬ ዘይነባ ከኋላዬ ሰማችና፣ ድር? ሸረሪት ገባባት? ብላ ቃጫዋን ይዛ ልትደግማት አይደል እንዴ! በሥላሴ፣ እጇን ለቀም አድርጌ ነው ያስቀረኋት።

ፖሊሽ ደግሞ ፀሐይ ላይ አይሠራም፣ ይደርቅና ይነክሳታል። ጥላ ከየት ይምጣ? የሠርጉ ድንኳን አለ። ወንበሩን አስነስተን፣ መኪናዋን ገፍተን ድንኳን አስገባናት። በብዙ ውሃ አጠብኳት፣ አቧራ የሚባል እንዳይቀር፣ አደረቅኳትና ማሽኔን ሰካሁ። ዝዝዝ ብሎ ገና ኮፈኑን ሲጀምር መብራት እልም አለ። የሰፈሩ በሙሉ።

ሐጂ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ግን ልጆች፣ አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ጥጥ አምጡ አልኩ። ሽንኩርት የሚልጡትን ሴቶች ሁሉ ጠራሁና እጃችሁን ታጠቡ፣ ቀለበታችሁን አውልቁ አልኳቸው። በተለይ አንቺ እትዬ ዘይነባ፣ ያንን ክንድሽን እፈልገዋለሁ አልኳት። ፖሊሹ ጥቂት፣ እጃችሁ ቀለል ይበል፣ ደግሞ አታዙሩ፣ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ቀጥ ብላችሁ ተመለሱ። እትዬ ዘይነባ ግን እጇ ለምዶበታል፣ ቀጥ ስላት ቀጥ ታደርጋለች፣ ዓይኔን ዞር ሳደርግ እጇም ዞር። ቀጥ! ዞር። ቀጥ! ዞር። ልታሳብደኝ ነው። ታዲያ አንዷ ልጅ የሠርግ ዘፈን አነሳች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፣ እና ጥጡ በዘፈኑ ይሄድ ጀመር። አውጪዋ ስትል ይሄዳሉ፣ ተቀባዮቹ ሲሉ ይመለሳሉ፣ የዘይነባ እጅ ሳይቀር ቀጥ አለ። ነጃት እጇ ሂና ላይ ነው፣ መንካት አትችልም፣ ዳር ቆማ እልል ትላለች። እኔ ከኋላ ከኋላቸው በለስላሳ ፎጣ እየጠረግሁ፣ በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ድሩን እፈልገዋለሁ። የለም! እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼ አላውቅም። ሰም ቀብተን ስንጨርስ እንደ መስታወት ጺምህን ትላጭባታለህ። ሽንኩርቱ ብቻ ሳይላጥ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ተካ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ መጣ። ምንም እንዳንነግረው ተባብለናል። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ተካ ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ አያት፣ ደግሞ ዞራት። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይቺ የማን ናት?" አለ።

"ያንተ ናታ" አለው ሐጂ።

"የእኔን የት አደረጋችኋት?"

ሄዶ ሰሌዳዋን አነበበ እኮ! ሰሌዳው የራሱ ነው፣ እሱ ግን አላመነም፣ አንድ ነገር ሠርታችኋል ይላል፣ ዓይኑ እየቀላ ነው። ይኼኔ እትዬ ዘይነባ አልቻለችም፣ ወጣችና እኔ ነኝ ያጠብኳት፣ በቃጫ ነው ያጠብኳት፣ አክብሬህ ነው፣ አለችው። በቃ፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ። ቶሎ ብዬ ገባሁበት፣ ተካ፣ ከሥር የነበረው ድር የደረቅ ጨርቅህ ነው፣ የእሷ ከላይ የመጣ ነው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አነሳነው፣ እንዲህ ሆና የማታውቃት ለዚህ ነው አልኩት።

ተካ እኔን አላየኝም። ወደ ሐጂ ዞረ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ትቀየመኛለህ ብዬ ፈራሁ።"

"ልቀየምህ እችላለሁ" አለ ተካ። "ግን ነስሩ፣ ብታስቀይመኝም ንገረኝ። ዝም አትበለኝ። ያኔም የጎዳኝ ዝምታህ ነው እንጂ ውሃው አይደለም።"

ሐጂ ሄዶ ተጠመጠመበት። እና ሁለት ሽበታም ሰዎች በሯን ተደግፈው ስቅስቅ ብለው ያለቅሱላችኋል። ነጃት ቬሏን ይዛ እየሮጠች ወጣች፣ ማን ሞተ ትላለች። እኔ ደግሞ የማየው ሌላ ነው፣ ከበሯ ላይ ተነሱ፣ የኮትህ ቁልፍ ይጭራታል ብዬ ስጮህ ግቢው በሳቅ ፈረሰ፣ እልልታው ቀለጠ፣ እነሱም እያለቀሱ መሳቅ ጀመሩ።

— ጋሼ፣ ተጫረች ታዲያ?

ተጫረችማ! ከእጀታዋ ሥር፣ ቀጭን። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ጥጤንና ፖሊሼን ይዤ ሄድኩለት፣ አንድ አፍታ ነው አልኩት። ተካ እጄን ያዘኝና፣ ጋሼ ዘለቀ፣ ይቺን አይንኩብኝ አለኝ። እስከ ዛሬ አለች። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እጄን ይበላኛል፣ ምን ላድርግ፣ እሺ አይለኝም። ካ ካ ካ!